ደወሉ ሲጮኽ ማን ይደርሳል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ስለ ቤት አላርም የመጡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ሆጤ አካባቢ ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤት አለን። እኔም ባለቤቴም ሥራ እንውላለን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ቀን ቤቱ ባዶ ነው። አላርም ለማስገባት ብንጠይቅ አንዱ ባለገመዱን ይለናል፣ ሌላው ገመድ አልባውን። መብራቱም ሲሄድ ሲመጣ ነው የሚውለው። የቱ ይበጀናል? (ከደሴ)

መልስ፦ ከዕቃው በፊት አንድ ነገር ይወስኑ። ደወሉ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቢጮኽ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደጃፍዎ የሚደርሰው ማን ነው? እርስዎ ከሥራ ቦታ እስኪመጡ ሌባው ጨርሶ ሄዷል። ቀን ቤት የሚውል አንድ ጎረቤት ያነጋግሩና አላርሙ ከሚደውልላቸው ቁጥሮች የመጀመሪያው የእሳቸው ይሁን፤ የእርስዎና የባለቤትዎ ቁጥር ከዚያ ይከተላል። ማታ የሰፈር ሮንድ ካለ የተረኛው ስልክ ይጨመር። የፖሊስ ጣቢያውን ቀጥታ ስልክ ሁላችሁም ያዙት፤ ነገር ግን አላርሙ ራሱ እንዲደውልለት አታድርጉ። ሁለት ጊዜ በሐሰት ከደወለ በሦስተኛው የሚሰማው አያገኝም። ለጎረቤትዎም በግልጽ ይንገሯቸው፦ ከውጭ ሆነው ያያሉ፣ ሰው ይጠራሉ፣ ፖሊስ ጋ ይደውላሉ፤ ብቻቸውን ግን ወደ ውስጥ አይገቡም።

አሁን ወደ ዕቃው። ሁሉም ከሚገናኙበት ዋና ሳጥን (ፓኔል) ሌላ፣ ለሦስት ክፍል ቤት በር ሲከፈት የሚያስታውቅ ሁለት የበር ማግኔት (አንዱ ለዋናው በር፣ ሌላው ለጓዳው)፣ ሁለት የእንቅስቃሴ ሴንሰር፣ አንድ የቁጥር ሰሌዳ፣ አንድ የውስጥና አንድ የውጭ ሳይረን (የሚጮኸው ደወል) ይበቃል። በየመስኮቱ ማግኔት የሚያስገቡ አሉ፤ ገንዘብ ማባከን ነው። ሌባ ብረቱን ቆርጦ መስታወቱን ሰብሮ ሲገባ የመስኮቱ መዝጊያ ከቦታው ስለማይነቃነቅ ማግኔቱ ምንም አያውቅም። ከየትኛውም መስኮት የገባ ሰው ሊያልፍበት ግድ የሚሆንበትን ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ሳሎኑን ወይም ኮሪደሩን፣ በእንቅስቃሴ ሴንሰር መያዝ ይሻላል።

የአገራችን ቤት በሩ ብረት መሆኑን አይርሱ። ተራው የበር ማግኔት የሚሠራው ማግኔቱና ማብሪያው ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሲቀራረቡ ነው። ብረት ላይ ሲታሰር ብረቱ የማግኔቱን ጉልበት ይበላዋል፤ ርቀቱ ይባስ ያጥራል፣ በሩ በነፋስ ትንሽ ሲንቀሳቀስም ደወሉ ይጮኻል። ለብረት በር ተብሎ የተሠራውን ሰፊ ክፍተት የሚችል ዓይነት ይጠይቁ፤ ከጠፋ ከሁለቱም ክፍሎች ሥር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ማንሻ ይደረግ።

ባለገመድ ወይስ ገመድ አልባ ለሚለው፣ ቤቱ ገና ካልተለሰነ ባለገመዱ፤ ተለስኖ ቀለም ከተቀባ ገመድ አልባው። ግድግዳ ፈልፍሎ ገመድ መቅበር ከዕቃው ዋጋ ያልተናነሰ ያስወጣል። ገመድ አልባ ሲገዙ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ርካሾቹ በ433 ሜጋ ኸርዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚናገሩ ናቸው፤ ሴንሰሩ ይልካል እንጂ መልእክቱ መድረሱን አያውቅም፣ ባትሪው ቢሞት ወይም ሰው ነቅሎ ቢወስደው ፓኔሉ ዝም ይላል። በሁለት አቅጣጫ የሚነጋገሩት፣ በአብዛኛው በ868 ሜጋ ኸርዝ የሚሠሩት፣ በየጊዜው ሴንሰሩን «አለህ?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ መልስ ሲያጡ ያስታውቃሉ። አጃክስና የሂክቪዥን አክስ ፕሮ የሚባሉት የአላርም ዓይነቶች ከዚህ ወገን ናቸው። ሻጩ «የሴንሰሩ ግንኙነት ሲቋረጥ ያሳውቃል?» ተብሎ ሲጠየቅ ከተደናገረ ያንን ዕቃ ይተዉት።

ባለገመዱን የመረጠ ሰው ሁለት ቦታ ላይ ይጠንቀቅ። የመጀመሪያው፣ ገመዱ መነካቱን ፓኔሉ እንዲያውቅ በመስመሩ ጫፍ የሚታሰረው ሬዚስተር የሚባል ትንሽ ዕቃ ነው። ቦታው ሴንሰሩ ውስጥ ሆኖ ሳለ ለሥራው ስለሚቀል ፓኔሉ ሳጥን ውስጥ የሚያስሩት ባለሙያዎች አሉ። እንዲያ ከሆነ ገመዱን መንገድ ላይ አገናኝቶ ሴንሰሩን ማደንዘዝ ይቻላል፤ ፓኔሉ ግን ሁሉም ደህና ነው ብሎ ያምናል። ሥራውን ከመረከብዎ በፊት የአንዱን ሴንሰር ክዳን አስከፍተው በዓይንዎ ይዩት። ሁለተኛው የሳይረኑ ገመድ ነው። ለሴንሰር የሚበቃው 0.22 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ገመድ 20 ሜትር ርቆ አንድ አምፔር ለሚወስድ ሳይረን ከተዘረጋ ከ12 ቮልቱ 3 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ሳይረኑ ሲያቃስት እንጂ ሲጮኽ አይሰማም። ለእሱ ባለ 1 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ይዘርጉ።

ስለ መብራቱ ሒሳቡን ራስዎ መሥራት ይችላሉ። ባለገመድ ፓኔል ከነሲም ክፍሉ 150 ሚሊ አምፔር፣ አራት ሴንሰሮች እያንዳንዳቸው 15 ቢወስዱ ድምሩ 210 ነው። ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከአቅሙ 80 በመቶውን ቢሰጥ 5.6 ይሆናል፤ ለ0.21 ሲካፈል 26 ሰዓት ያህል ያቆያል ማለት ነው። ይህ ባትሪው አዲስ ሳለ ነው። ብዙ ጊዜ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ባትሪው እስከ መጨረሻው እየተሟጠጠ ስለሚሞላ ዕድሜው ያጥራል፤ በየሦስት ዓመቱ ይቀይሩት፣ የገባበትንም ቀን ጀርባው ላይ ይጻፉበት። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ፓኔል ስለሚያቃጥል፣ ዘግየት ብሎ የሚያበራ የቮልቴጅ መከላከያ ከፊቱ ይሰካ። መፈተኑ ቀላል ነው፦ ማታ ሶኬቱን ነቅለው ያሳድሩት፣ ጠዋት ደወሉን ያስጩኹት።

የመጨረሻው ስልኩ ነው። በዋይፋይ ብቻ የሚሠራ አላርም እዚህ አይግዙ። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ይጠፋል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንደታየውም አፕ ላይ የተንጠለጠለ ማስጠንቀቂያ ከኢንተርኔቱ ጋር ይሄዳል። በድምፅ የሚደውልና አጭር መልእክት የሚልክ፣ ቢቻል ሁለት ሲም የሚይዝ ይሁን፤ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ሁለተኛው የሳፋሪኮም። ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ቤትና ፒያሳ ያለ ቤት የሚያገኙት ኔትወርክ አንድ ስላልሆነ፣ ሁለቱንም ሲም ስልክዎ ውስጥ ከተው ፓኔሉ በሚሰቀልበት ቦታ ላይ ቆመው ይሞክሩ። ሲሙ ፓኔል ከመግባቱ በፊት የፒን ቁጥሩ ይነሣ፣ ሒሳብም ይሞላ። ብዙው አላርም የሚሞተው በሌባ ሳይሆን ካርድ ባለመሞላቱ ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ ከመኖሪያዬ ጋር የተያያዘ የዕቃ መጋዘን አለኝ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ያስገባሁት አላርም ከሰዓት በኋላ ያለ ሰው ይጮኻል። በዚያው በሞቃቱ ሰዓት ሠራተኛዬን ፊቱ ባስሄደው ደግሞ አንዳንዴ ዝም ይላል። ዕቃው ተበላሽቷል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ዕቃው ደህና ሊሆን ይችላል፤ የተሳሳተው ቦታው ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ሞቃት ከተማ ስለሆነ ደሴ ላይ ያለ ችግር የሚሠራ ሴንሰር እዚያ ሊያስቸግር ይችላል። የእንቅስቃሴ ሴንሰር ሰውን አያይም፤ የሚያነበው በሰውነት ሙቀትና ከኋላ ባለው ግድግዳ ሙቀት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሰዓት በኋላ ግሎ የግድግዳው ሙቀት ወደ ሰው ቆዳ ሙቀት ሲጠጋ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ሠራተኛዎ ሲያልፍ ዝም ያለው ለዚህ ነው። ይህን ለማካካስ ሴንሰሩ በሙቀት ጊዜ ስሜቱን ከፍ ያደርጋል። ያን ጊዜ በቀዳዳ የገባ የፀሐይ ብርሃን፣ በነፋስ የሚወዛወዝ ሸራ፣ ሴንሰሩ ፊት ላይ የሚሄድ ሸረሪት ሁሉ ሰው ይመስለዋል።

ሲያስተካክሉ ከቦታው ይጀምሩ። ሴንሰሩ ከ2.1 እስከ 2.4 ሜትር ከፍታ ላይ ማዕዘን ይዞ ይሰቀል፤ ወደ መስኮት ወይም ወደ ብርሃን ማስገቢያ አይዙር። ሌባው በሴንሰሩ ፊት አቋርጦ እንዲያልፍ እንጂ ፊት ለፊት እየተጠጋው እንዲመጣ አያድርጉ፤ ሴንሰሩ አቋርጦ የሚሄድን ቶሎ ይይዛል፣ ወደ እሱ የሚመጣን ግን ዘግይቶ ነው። የገመዱን ቀዳዳ በሲሊኮን ይድፈኑ፤ ነፍሳትም ሞቃት አየርም የሚገቡት በእሱ ነው። ከዚህም በኋላ ካልተሻለ ሙቀት የሚያነበውና ማይክሮዌቭ (ሞገድ ልኮ እንቅስቃሴን የሚለየው) አንድ ላይ ያሉበትን ሴንሰር ይግዙና ሁለቱም ሲስማሙ ብቻ እንዲጮኽ ያድርጉ። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ማይክሮዌቭ በጭቃና በእንጨት ግድግዳ ያልፋል። ከጎኑ መኖሪያ ወይም መንገድ ካለ ርቀቱን የሚቀንሰውን ቁልፍ ወደታች አዙረው፣ ከግድግዳው ማዶ ሰው እያስሄዱ የሴንሰሩ መብራት እንዳይበራ ይፈትኑት። በነገራችን ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ በታች የመስታወት ስብራት በድምፅ የሚለይ ሴንሰር አያስገቡ፤ በረዶ የጣለ ቀን ሰላም አይሰጥም።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ነው ያለሁት። እናቴ ደሴ ሸዋ በር ብቻዋን ነው የምትኖረው። እዚህ ከምንጠቀምበት አላርም አንዱን ገዝቼ በሰው ልልክላት ነው። ይሠራል? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ አይላኩት። የአሜሪካ ዕቃ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ 220 ላይ ሲሰካ የሚቃጠል አለ፤ ያ በአስማሚ ይፈታል። የማይፈታው ሬዲዮው ነው። በአሜሪካ ብዙ የቤት ዕቃዎች የሚነጋገሩበት፣ ዜድ ዌቭ የሚባለው ሬዲዮ 908.42 ሜጋ ኸርዝ ላይ ይሠራል፤ ያ ድግግሞሽ ኢትዮጵያን ጨምሮ በእኛ ክፍለ ዓለም ሞባይል ስልኮች ወደ ማማው በሚልኩበት ከ880 እስከ 915 ባለው ክልል ውስጥ ስለሚወድቅ ከስልኮቹ ጋር ይጋጫል። ከዚህ በላይ፣ እዚያ በወር የሚከፍሉት የክትትል አገልግሎት የሚልከው የዚያኑ አገር ፖሊስ ነው፤ ደሴ ላይ ማንንም አያንቀሳቅስም።

ገንዘቡን ይላኩና ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ዕቃ፣ ቢያንስ የአውሮፓ መለኪያ ኢኤን 50131 ደረጃ 2 የሚል ምልክት ያለው፣ እዚሁ ይገዛ። እናትዎ ብቻቸውን ከሆኑ ከሌባ መከላከያው ይልቅ የሚያስፈልጋቸው በአንገት የሚንጠለጠል የድንገተኛ ጥሪ ቁልፍ ነው፤ ሲወድቁም ሲታመሙም ይጠቅማል። የቁጥር ሰሌዳውን አያስቸግሯቸው፤ ማታ ሲተኙ በአንድ ቁልፍ የበሮቹን ማግኔቶች ብቻ የሚያነቃና የውስጡን የእንቅስቃሴ ሴንሰር የሚተው አሠራር ይዘጋጅላቸው። አለዚያ ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ደወሉ ያስደነግጣቸዋል፣ በማግሥቱም ነቅለው ያስቀምጡታል። የመጀመሪያው ተደዋይ እርስዎ ሳይሆኑ ጎረቤት ይሁን፤ ቨርጂኒያ ሌሊት ሲሆን ደሴ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ አንድ የጥበቃ ድርጅት በወር ክፍያ «24 ሰዓት ከማዕከል እንከታተላለን» እያለን ነው። ማዕከሉ አዲስ አበባ ነው። ውል ከመፈረማችን በፊት ምን እንጠይቅ? (ከደሴ)

መልስ፦ የማዕከሉ አዲስ አበባ መሆን በራሱ ችግር የለውም፤ ምልክት ለመቀበል ርቀት አያግድም። ችግሩ ከማዕከሉ እስከ እናንተ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ደሴ ላይ የሚንቀሳቀስ የራሳችሁ ሰው አለ? በምን ይመጣል? በስንት ደቂቃ?» ይሁን። መልሱ «እንደውልላችኋለን» ከሆነ አላርሙ ራሱ በነጻ የሚያደርገውን ሊሸጡላችሁ ነው።

ቀጥሎ ምን ምን ምልክት እንደሚቀበሉ ጠይቁ። ኮንታክት አይዲ በሚባለው የተለመደ ቋንቋ ፓኔሉ ለየጉዳዩ የራሱን ቁጥር ይልካል፦ ሌባ 130፣ ባለቤቱ በሰው ተገድዶ አላርሙን ሲያጠፋ 121፣ መብራት መጥፋት 301፣ ባትሪ መድከም 302፣ ደህንነቱን የሚያሳውቅበት የየጊዜው ሪፖርት 602። ጥሩ ማዕከል አምስቱንም ይቀበላል፣ ለእያንዳንዱም ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ያሳያችኋል። በተለይ 602ን አትለፉት። ይህ ሪፖርት በ24 ሰዓት አንዴ ብቻ የሚላክ ከሆነ፣ ሌባ የሲሙን ኔትወርክ ቢያፍነው ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ማዕከሉ የሚያውቀው በማግሥቱ ሊሆን ይችላል። በየሰዓቱ ወይም ከዚያ ባጠረ ጊዜ እንዲሆን፣ ሲቀር ደግሞ እንዲደውሉላችሁ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ሲደውሉላችሁ የምትመልሱት የምስጢር ቃል ሁለት ይሁን፤ አንዱ ደህና ነን ለማለት፣ ሌላው ጩቤ አንገታችሁ ላይ ሆኖ ደህና ነን እንድትሉ ስትገደዱ የምትናገሩት። ስለ ባለቤትነትም አጥሩ፦ ዕቃው የማን ነው? ውሉ ሲያልቅ የባለሙያው ኮድ (ፓኔሉን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ቁጥር) ይሰጣችኋል? ኮዱን ቆልፎ የሚሄድ ድርጅት ዕቃውን በገንዘባችሁ ገዝታችሁትም ሌላ ሰው እንዳይነካው አድርጎ ነው የሚተወው። ከፈረማችሁ በኋላም በመጀመሪያው ወር ሳትነግሯቸው አንድ ሌሊት ደወሉን አስጩኹ፣ ሰዓት ያዙ። ከዚያ በፊት ለጎረቤት መናገር እንዳይረሳ።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ሰፊ ስለሆነ በአጥሩ ላይ የጨረር ሴንሰር አስገባን። ክረምት ጉም ሲወርድ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። (ከደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ)

መልስ፦ ከላኪው ወደ ተቀባዩ የሚሄደውን ጨረር ጉም ይበትነዋል፤ ተቀባዩ ብርሃኑ ሲደክምበት ሰው የቆረጠው ይመስለዋል። 30 ሜትር ለሚሆን አጥር 30 ሜትር የሚል ዕቃ ተገዝቶ ከሆነ ለእናንተ ሰፈር አይሆንም፤ ቢያንስ የሦስት እጥፍ፣ 100 ሜትር የሚል፣ ባለ አራት ጨረር ይቀየር። ያለውን ለማቆየት ከፈለጋችሁ በመሃል አንድ ጥንድ ጨምሩና እያንዳንዱ ጥንድ 15 ሜትር ብቻ ይጠብቅ። ከዚያ ተቀባዩ ላይ ያለውን መለኪያ ነጥብ በቮልት ሜትር እያያችሁ ንባቡ አምራቹ በመመሪያው «ጥሩ» ካለው ቁጥር በላይ እስኪደርስ ሁለቱን ዓይኖች (ላኪውንና ተቀባዩን) አስተካክሉ። የፊት ክዳኑን በየወሩ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ ወደ ጨረሩ የሚደርሰውን የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍም ክረምት ሳይገባ ቁረጡ።