ሰሌዳው ወድቆ ጠፋ፣ መኪናዋም ገና በሻጩ ስም ናት

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ነው። ከስምንት ወር በፊት ያገለገለች ቪትዝ ገዛሁ። ሰሌዳዋ የአዲስ አበባ፣ ኮድ 2 ነው። ስም አላዞርኩም፤ ሻጩ በሰጠኝ ውክልና ነው የምነዳት። ሰሞኑን በዝናብ ጭቃ ውስጥ ሳልፍ የፊት ሰሌዳዋ ወድቆ ጠፋ። አንድ ብረት ቤት «ቁጥሩን ንገረኝ፣ ቁርጥ ያንኑ እሠራልሃለሁ» አለኝ። ላሠራ?

መልስ፦ እባክዎ እንዳያሠሩ። ቁጥሩ የራስዎ መኪና ቁጥር ቢሆንም፣ ሰሌዳ መስጠት የሚችለው መዝጋቢው አካል ብቻ ነው። ብረት ቤት የተሠራ ሰሌዳ ሐሰተኛ ነው፤ እሱን ለጥፎ መንዳት ከትራፊክ ቅጣት አልፎ በወንጀል ያስጠይቃል። አሁን የጠፋብዎት አንድ ዕቃ ነው፤ ጣጣውን አያብዙት። ቁጥሩን ካርቶን ላይ ጽፎ መስታወት ሥር ማስቀመጥም አያድንዎትም።

ጉዳዩ የሚገዛው በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። የመኪና ሰሌዳ ከፊትም ከኋላም መታየት አለበት። ስለዚህ ምትኩ እስኪወጣ መኪናዋን ያቁሟት።

መጀመሪያ ሰሌዳው የጠፋበት አካባቢ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ያመልክቱ፤ መጥፋቱን የሚገልጽ ማስረጃም ይውሰዱ። ይህን ቸል አይበሉ። ሰሌዳው የተለጠፈበት ሌላ መኪና ሰው ገጭቶ ቢያመልጥ የሚፈለገው የእርስዎ ቁጥር ነው። ያን ጊዜ ቀን ያለበት የፖሊስ ወረቀት ይታደግዎታል።

ምትኩን ለማውጣት ግን ለገጣፎ አይልፉ። የከተማ ዳር ነዋሪ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሳሳታል። እርስዎ ለገጣፎ፣ ማለትም ሸገር ከተማ ውስጥ ቢኖሩም የመኪናዋ ፋይል ያለው አዲስ አበባ ነው። የአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ዘንድ፣ ፋይሉ ያለበትን ቅርንጫፍ ይጠይቁ። ሊብሬውን፣ የኋላውን ሰሌዳ፣ የፖሊሱን ማስረጃ፣ መታወቂያዎንና ውክልናውን ይያዙ።

ከሰሌዳው ይልቅ እኔን ያስጨነቀኝ ይህ ውክልና ነው። ስምንት ወር ሙሉ የሰው ስም ባለበት ሊብሬ ነድተዋል። ሻጩ ዕዳ ካለበት ባለገንዘቡ መኪናዋን በፍርድ ቤት ሊያሳግዳት ይችላል። ሻጩ ውክልናውን ሊሽረው ይችላል። ቢሞት ደግሞ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ውክልናው ያበቃል፤ ከዚያ ወራሾች ፍለጋ ነው። ገንዘቡን ከፍለው ሳለ ባለቤትነትዎን ለማስረዳት ችሎት ለችሎት መንከራተት ይመጣል።

ዛሬውኑ ሰነዱን አውጥተው ያንብቡት። «ለራሱም ሆነ ለሦስተኛ ወገን እንዲሸጥ» የሚል ቃል አለው? መንዳትና ማስተዳደር ብቻ ከሆነ የሚለው፣ ስም ለማዞር ሻጩ ራሱ መምጣት ወይም አዲስ ውክልና መስጠት አለበት።

ሻጩ «ምን አስቸኮለህ» ካለዎት የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ይንገሩት። በዚህ ድንጋጌ መሠረት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል፤ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ። እርስዎ ሰው ቢገጩ ክሱ የእሱንም በር ያንኳኳል። ይህን ሲሰሙ በማግሥቱ የመጡ ሻጮች አውቃለሁ።

እግረ መንገድዎን ቦሎውንና በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነውን የሦስተኛ ወገን መድን ይዩ፤ ጊዜያቸው አልፎ እንዳይሆን። ሻጩ እሺ ካለ የምትክ ሰሌዳውንና የስም ዝውውሩን ጉዳይ አብረው ይጨርሱ። የሽያጭ ውሉ ግን አስቀድሞ ሰነዶች ማረጋገጫ ይጽደቅ።