በረጅም ጉዞ ላይ የቆመ ሞተር ሳይክልን ዳግም ስለ ማስነሣት፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ዛሬ የምንነጋገረው ብቻውን ረጅም መንገድ የጀመረ ሞተረኛ በብልሽት፣ በውኃ፣ በጎማ ወይም በመውደቅ ምክንያት ከቆመ በኋላ እንዴት መንገዱን እንደሚቀጥል ነው። የሞተር ምርጫና ዋጋ የዛሬ ጉዳይ አይደለም። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ ለምን እንደቆማችሁ ሳታውቁ አትነሡ። ይህን ደጋግሜ ስለምለው ከአሁኑ ታገሡኝ።

ከሮቤ፦ ጋሼ፣ ከጎባ ተነሥቼ ሳነቴን ስወጣ ካርቡሬተር ያለው 150 ሲሲ ሞተሬ ኃይል እያጣ ሄዶ አምባው ላይ ጠፋ። ከብዙ ልፋት በኋላ ተነሣ፤ ዶሎ መና ስወርድ ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት ሆነ። ካርቡሬተሩን ላስቀይረው?

መላሽ፦ አታስቀይረው። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 60 በመቶ ገደማ ስለሚወርድ ሞተሩ የሚያገኘው አየር ያንሳል፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ቤንዚን በዝቶበት ነው የታነቀው። ማረጋገጥ ከፈለግህ ካንዴላውን ነቅለህ ተመልከት፤ ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ነገሩ ይኸው ነው፣ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ግን ምክንያቱን ሌላ ቦታ ፈልግ። እዚያ ላይ ሞተር ሲጠፋ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቾክ መሳብ ነው፤ ቾክ አየር ስለሚዘጋ ችግሩን ያብሰዋል። ቾኩን መልስ፣ ካንዴላውን ጥረግ፣ የአየር ፊልትሮውን አራግፍ፣ ከዚያም ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍተህ አስነሣ። ከተነሣልህ በኋላ ዝቅ ባለ ማርሽ ሳትጣደፍ ውጣ። ለአንድ ቀን ዳገት ሲል ካርቡሬተሩን አስነክቶ ቤንዚኑን ያስቀነሰ ሰው ቆላ ሲወርድ ቤንዚን ያጠረው ሞተር ይዞ ሙቀት ውስጥ ይገባል፤ ፒስተን የሚበላውም እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ከአዲስ አበባ፦ ኢንጄክሽን፣ ማለት በካርቡሬተር ፈንታ ቤንዚኑን በኮምፒውተር የሚረጭ፣ ያለው ሞተር ከፍታውን ራሱ አውቆ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ሁላችንም ኢንጄክሽን ብንገዛ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ከጅማ፦ ኢንጄክሽን መንገድ ላይ ሲበላሽ በካቻቢቴና በፒንሳ አይሠራም። ካርቡሬተርን ግን የትኛውም ወረዳ ያለ መካኒክ ይፈታዋል።

ከአዲስ አበባ፦ ለመሆኑ ኢንጄክሽን ስንት ጊዜ ተበላሽቶብህ ያውቃል? ካርቡሬተርህን ግን በየክረምቱ ታስፈታዋለህ።

መላሽ፦ ሁለታችሁም የምትሉት እውነት አለው፤ ሆኖም መንገድ ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው አይጠቅመውም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ ብቻዬን ወደ ያቤሎ ስሄድ ድንገተኛ ጎርፍ የሞላውን መሻገሪያ ልሻገር ስል ሞተሩ ውኃው መካከል ጠፋብኝ። ገፍቼ አወጣሁት። አሁን ጥግ ይዣለሁ፤ ላስነሣው ወይ?

መላሽ፦ እኅቴ፣ እጅሽን ከማስነሻው አንሺ። ውኃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ከሆነና ሞተሩን በግድ ካዞርሽው ቢዬላው፣ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ይጣመማል፣ ያን ጊዜ ጉዞው እዚያው አበቃ። መጀመሪያ ካንዴላውን ንቀይ። ማርሹን ገለልተኛ አድርገሽ፣ ፊትሽን ከቀዳዳው አርቀሽ፣ በእግር ማስነሻው ደጋግመሽ ምቺው፤ ከካንዴላው ቀዳዳ የሚወጣው ጭጋግ እስኪያልቅ አታቋርጪ። ቀጥሎ የአየር ፊልትሮውን አውጥተሽ ጭመቂው፣ ሣጥኑንም አድርቂ። ካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ብሎን ፈትተሽ ያለውን ቤንዚን ሁሉ አፍስሺ። በመጨረሻ ዘይቱን ተመልከቺ፤ መልኩ ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታልና በዚያ ዘይት አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትንጂ። ባገኘሽው ርካሽ ዘይት ለውጠሽ፣ ጥቂት ደቂቃ ሳትጋልቢ አስነሥተሽ አቆይውና እንደገና ለውጪው። ስትነሺም ፍሬኑን በቀስታ እየያዝሽ እየለቀቅሽ አድርቂው፤ የረጠበ ፍሬን በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ አይዝም።

ከአዳማ፦ ሞተሬ አልነሣ ብሎኛል። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ምን ዓይነት ሞተር ነው? ቤንዚን አለው? ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል? የቆመው እየሄደ ሳለ ነው ወይስ አድሮ? እነዚህን ሳትጽፍ ከዚህ ሆኜ ልገምት አልችልም።

ከደብረ ብርሃን፦ ጣርማ በርን ስወጣ ሞተሬ ኃይል ያጣል፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?

መላሽ፦ ስለ ሳነቴ የመለስሁትን አንብብ።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ። ባጃጅ ቦክሰር ነው፤ እየሄድኩ ሳለ እየተንገጫገጨ ቆመ። ከመቆሙ በፊት ማደያ ስላላገኘሁ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ቀድቼ ነበር።

መላሽ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ከካርቡሬተሩ ማፍሰሻ የሚወጣውን በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀብለህ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጠው። ውኃ ካለበት ከሥር ይዘቅጥና ድንበሩ ለዓይን ይታያል። ውኃ ከሌለበት ደግሞ አንድ ጠብታ ወረቀት ላይ ጣል፤ ንጹሕ ቤንዚን ተኖ ሲጠፋ፣ ላምባ የተቀላቀለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። ያም ሆነ ይህ ታንኩን ሳታራግፍ ካርቡሬተሩን ብቻ ብታጸዳ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ነው።

ከባሕር ዳር፦ ካቴናዬን ጠዋት አጥብቄው ማታ ረግቦ አገኘዋለሁ። መንገዱን ልቀጥል?

መላሽ፦ ካቴናውን ከሚዞርበት ከኋለኛው ባለ ጥርስ ክብ ጀርባ ላይ ይዘህ ወደ ውጭ ሳበው፤ የአንዱ ጥርስ ግማሽ ከታየህ አልቋል። ካቴናውንም የፊቱንና የኋላውን ክብም አብረህ ለውጥ። ካልታየህ የኋላ ጎማው ዘንግ ፍሬ ላልቶ እንደሆነ እይ።

ከደሴ፦ የተቃጠለ ዘይት በየማታው ብትቀባው ዕድሜ ይሰጠዋል። እኔ ሌላ ነገር ቀብቼ አላውቅም።

ከባሕር ዳር፦ እኔ ቤንዚን አጥቤ ነው የምቀባው።

ከደሴ፦ ቤንዚን ያደርቀዋል እንጂ!

መላሽ፦ የተቃጠለ ዘይት ከሞተሩ የወጣ የብረት ብናኝ ይዟል፤ እርሱን መቀባት ካቴናውን መሞረድ ነው። ቤንዚን ደግሞ በአንዳንድ ካቴናዎች መጋጠሚያ ውስጥ ያሉትን የጎማ ቀለበቶች ይበላል። በላምባ እጠቡ፣ በጨርቅ አድርቁ፣ የካምቢዮ ዘይት በስሱ ቀቡ። በዚህ ላይ ሌላ ክርክር አልቀበልም።

ከዲላ፦ ትናንት ወድቄ ነበር። ሞተሩ ደኅና ነው፤ እኔን ግን ራሴን ያመኛል፣ እንዴት እንደወደቅሁም በደንብ አላስታውስም። ልቀጥል?

መላሽ፦ አትቀጥል። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂድ፤ መሄድ ካቃተህ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥራ። የተመታውን ሄልሜት ዳግም አታድርገው።

ከሞያሌ፦ ነገ ተሻግሬ ወደ ናይሮቢ እነሣለሁ። ኬንያ በግራ በኩል መነዳቱ ያስቸግራል? ምን ዓይነት መድንስ ያስፈልገኛል?

መላሽ፦ ድንበር ተሻግሮ ስለሚሠራው መድን፣ ስለ ኮሜሳ ቢጫ ካርድ፣ የመድን ድርጅትህን ጠይቅ። የግራውን ጉዳይ ግን ልብ ብለህ ስማኝ። ከሌሎች መኪኖች ጋር ስትሄድ አያስቸግርም፣ ፊትህ ያለውን ትከተላለህ። አደጋው የሚመጣው ቆመህ ስትነሣ ነው። ማርሳቢት ቤንዚን ቀድተህ፣ ሻይ ጠጥተህ፣ ሐሳብህ ሌላ ቦታ ሆኖ ስትወጣ መንገዱ ባዶ ከሆነ እጅህ ሳታስበው ወደለመደው ቀኝ ይወስድሃል፤ ስሕተቱን የምታውቀው ከፊት ለፊትህ የጭነት መኪና ሲመጣ ነው። ስለዚህ በቆምህ ቁጥር ሞተሩን በግራው ጠርዝ፣ ፊቱን ወደምትሄድበት አድርገህ አቁመው፤ በግራው መስታወት ላይም ደማቅ ቀለም ያለው ፕላስተር ለጥፍ። ተመልሰህ ኢትዮጵያ ስትገባ ንቀለው፤ ያን ጊዜ ችግሩ ተገልብጦ ይመጣልና።

ከያቤሎ፦ ጋሼ፣ ጎማዬ ተንፍሶ ራሴ ጠገንሁት፤ ብዙ ሳልርቅ ደግሞ ተነፈሰ። ሌላ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ይዣለሁ፤ እርሱን ላግባ?

መላሽ፦ ምክንያቱን ሳታውቅ አዲሱን ካስገባህ እርሱም ይበሳል። ከመነዳሪውን ከማውጣትህ በፊት በመንፊያው ትይዩ ጎማው ላይ ምልክት አድርግ፤ ከዚያ ንፋስ ሞልተህ ቀዳዳውን ስታገኝ ከመንፊያው ያለውን ርቀት በጎማው ላይ ለክተህ እሾሁ ያለበትን ቦታ ታውቃለህ። የግራር እሾህ ከውጭ ተሰብሮ ጫፉ ውስጥ ስለሚቀር በዓይን አይታይም፤ ካልሲ እጅህ ላይ አጥልቀህ የጎማውን ውስጥ በዝግታ ዳብስ፣ ክሩ የተያዘበት ቦታ ላይ እሾሁን ታገኛለህ። ሁለት ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ካየህ ግን እሾህ አይደለም፤ ንፋሱ አንሶ ድንጋይ ስትመታ ከመነዳሪው ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጦ ነው። ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ የቸርኬው ሽቦ ጫፍ ወጥቷል ወይም ሽቦዎቹን የሚሸፍነው ጎማ ተንሸራቷል። ስትጠግን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ፣ ማስቲሹን ቀብተህ፣ ሲነካ እጅ ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቅ፤ እርጥቡ ላይ የተለጠፈ ልጥፍ በሙቀቱ ይላቀቃል። ጎማውን ስትመልስም መጨረሻ የምታስገባው ክፍል በመንፊያው በኩል ያለው ይሁን፤ ከተቃራኒው ወገን ያለውን ጠርዝ በጉልበትህ ተጭነህ ወደ ቸርኬው ጎድጓዳ ካስገባኸው ብረቱን ብዙ ሳትታገል ይገባልሃል። አዲሱን ከመነዳሪ ለሌላ ቀን አስቀምጠው።