ኒስና ከኒስ በላይ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ደቡብ ፈረንሳይ፣ ኒስ ስኖር ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። የአገር ቤት ክረምት ሲገባ እዚህ በጋ ነው፤ «ልንመጣ ነው፣ ምን ትመክረናለህ?» የሚለውም ያኔ ይበዛል። ዘንድሮ ባንዴ ልመልስ።

ጥ፦ የምኖረው ጀርመን ነው፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ። ቪዛ ያስፈልገኛል?
መ፦ የመኖሪያ ፈቃድህ ጊዜው ካላለፈ አያስፈልግህም። በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ትችላለህ። ፓስፖርትህንም ያዝ። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ግን የሸንገን ቪዛ ግድ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስም እንዲሁ።

ጥ፦ መቼ ልምጣ?
መ፦ ሴፕቴምበር። ባሕሩ እንደሞቀ ነው፣ ሰዉ ግን ወደ ሥራው ተመልሷል። ሜይ ላይ የካን ፊልም ፌስቲቫል ስላለ የሆቴል ዋጋ አይቀመስም።

ጥ፦ ልጆቼ አሸዋ ላይ መጫወት ይወዳሉ። ኒስ ይሆናል?
መ፦ አይሆንም እህቴ። የኒስ ባሕር ዳርቻ ጠጠር ነው። መጀመሪያ ቀን በባዶ እግሬ ስገባ ሰው እያየኝ እንደ ዶሮ እየዘለልኩ ነው የተመለስኩት። ለአሸዋ አንቲብ ሂጂ፤ በባቡር ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

ጥ፦ ፍልሰታ ላይ ነው የምንመጣው። ምን እንበላለን?
መ፦ ሶካ! የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና የወይራ ዘይት፣ አለቀ። ሊጡን ሰፊ ክብ ትሪ ላይ በስሱ አፍስሰው እንጨት የሚነድበት ምድጃ ውስጥ ይከቱታል። ጠርዙ አረር ይላል፣ መሃሉ ለስላሳ ነው። ቆራርጠው በወረቀት ይሰጧችኋል፤ ቁንዶ በርበሬ ነስንሶ በእጅ መብላት ነው። እኔ ሚጥሚጣ ከኪሴ አይጠፋም። ፓን ባኛ የሚሉት ሳንዱች ግን ቱናና እንቁላል ስላለው እንዳትሸወዱ።

ጥ፦ እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ኤዝ መንደርን ታየው ይሆን?
መ፦ መንደሩ ድረስ አውቶቡስ አለ፤ ውስጡ ግን ደረጃና ኮረብታ ነው። ከታች ባሕሩ ዳር ካለው ባቡር ጣቢያ ሽቅብ የሚወስደውን፣ በፈላስፋው ኒቼ ስም የሚጠራውን የእግር መንገድ ጭራሽ አታስቡት። እማማን በባቡር ባሕር ዳር ወዳለችው ማንቶን ከተማ ውሰዳቸው። በቀኝ በኩል አስቀምጣቸው፣ ባሕሩ በዚያ ነው።

ጥ፦ ሁሌ «ተራራ ውጡ» ትላለህ። ባሕር እያለ ምን ፍለጋ?
መ፦ ባሕሩንማ ማንም ያየዋል። ከኒስ እስከ ዲኝ 151 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ትንሽ ባቡር አለ፣ ትሬን ዴ ፒኝ ይሉታል። ሐዲዱ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፤ እንደ ድሮው የጅቡቲ አዲስ አበባ ሐዲድ። ድሬ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መጀመሪያ የተሳፈርኩ ቀን ድልድይ ላይ ሲንገጫገጭ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሄድኩት፤ ባለቤቴ የታመምኩ መስሏት ውሃ አቀበለችኝ።

የቫር ወንዝን ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ የባሕሩ ወበቅ ቀስ በቀስ ይቀራል። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ስትሄዱ አንትርቮ ላይ ውረዱ። በድልድይ ወንዙን ተሻግራችሁ በግንብ በር የምትገቡባት ጠባብ ከተማ ናት። ከበላይዋ ገደሉ ላይ ምሽግ አለ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጠዋት ውጡት፣ ቀትር ላይ ያቃጥላል። አደራ፣ ባቡሩ የሚነሳው ከዋናው ጣቢያ አይደለም፤ አሥር ደቂቃ ያህል በእግር የሚርቅ ሌላ ጣቢያ አለው። እኔ ዋናው ጣቢያ ቆሜ አምልጦኝ ያውቃል። መስመሩ ለጥገና የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ቀድማችሁ አጣሩ።

ጥ፦ በመኪና ላ ቦኔት የሚባለውን የተራራ መንገድ ልወጣ ነው። ከፍታው 2,802 ሜትር ነው አሉ፣ አይከብደኝም?
መ፦ የት ነው ያደግከው፣ አዲስ አበባ አይደል? እንጦጦ ከዚያ ይበልጣል። መንገዱ በብርዱ ወራት በበረዶ ስለሚዘጋ በበጋ ሂድ፣ ጃኬትም ያዝ።