ዲኤንኤን በሮቦት ማዘጋጀት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ሰው ጂኖም ፕሮጀክት (የሰውን ሙሉ ዲኤንኤ ለማንበብ ስለተካሄደው ሥራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2003) ስጽፍ፣ የዲኤንኤ ዝግጅቱን ነገር ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል።

ጥያቄ፦ ዲኤንኤውን የሚያነበው ማሽን ነው። ታዲያ ዝግጅቱ ምን አስቸገረ?

መልስ፦ ብዛቱ ነዋ! የሰው ጂኖም 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው። የዚያን ጊዜ ማሽን በአንድ ንባብ ከጥቂት መቶ ፊደል አይዘልም ነበር። ያውም እያንዳንዱ ቦታ ተደጋግሞ መነበብ አለበት። ስለዚህ ሚሊዮን በሚሊዮን ቁራጭ ባክቴሪያ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ተጣርቶ ይወጣል። ይህ በእጅ የሚገፋ ሥራ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሮቦት ከተገዛ አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ አላለቀም። ሮቦት ፈሳሽ መምጠጥና መጨመር ይችልበታል። ማነቆው ሴንትሪፊውጁ ነበር፤ ናሙናን በፍጥነት አሽከርክሮ ዲኤንኤውን ከፈሳሹ የሚለየው ማሽን። ፕሌቱን (ናሙናዎቹ የሚቀመጡበትን ባለ ብዙ ጉድጓድ ሳህን) አንስቶ፣ ሚዛኑን ጠብቆ ማስገባት፣ ማሽከርከር፣ ማውጣት። ሥራው እዚያ ላይ ቀጥ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የዋይትሄድ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች መፍትሔ አሳተሙ፤ ማግኔት የሚስባቸው ጥቃቅን እንክብሎች። ጨውና ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ሲጨመር ዲኤንኤው እንክብሎቹ ላይ ይጣበቃል። ማግኔት ሲጠጋ እንክብሎቹ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባሉ። የቀረው ፈሳሽ ይመጠጣል፤ እንክብሎቹ በኤታኖል (በአልኮል) ይታጠባሉ። በመጨረሻ ውሃ ሲጨመር ዲኤንኤው ይለቃል። ልብ በሉ፣ ማሽከርከር የሚባል ነገር የለም። ሁሉም መጨመርና መምጠጥ ሆነ። ለእኔ ከሮቦቱ ይልቅ ትልቁ ነገር ይህ ነው። ዛሬም በየላብራቶሪው የሚሠራበት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ፕሌቱ ለምን 96 ጉድጓድ ሆነ?

መልስ፦ 8 በ12 ነው። በኋላ ባለ 384ቱ መጣ፤ የፕሌቱ ስፋት ግን ያው ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሮቦት አይሳሳትም አይደል?

መልስ፦ ይሳሳታል፤ ሲሳሳት ደግሞ በጅምላ ነው። ፕሌቱ ዞሮ ከተቀመጠ የ96ቱም ናሙና ስም ይምታታል። ባርኮዱ ሳይነበብ ፕሌት አይንቀሳቀስ። ከአንዱ ማዕዘን አንድ ጉድጓድ ባዶ ተዉ፤ ፕሌቱ ከዞረ ባዶው ያጋልጠዋል።

ጥያቄ፦ ትንሽ ላብራቶሪ ነን። ለሮቦት አቅም የለንም።

መልስ፦ እንክብሎቹ፣ የፕሌት ማግኔትና ባለ 8 ጫፍ ፒፔት (የእጅ ፈሳሽ መምጠጫ) ይበቃችኋል። እንክብሎቹን ከፍሪጅ አውጡና ቅዝቃዜያቸው ይልቀቅ፤ በደንብ አናውጧቸው። ኤታኖሉን በዕለቱ በጥብጡ። ካጠባችሁ በኋላ አድርቁ፤ ግን አታብዙት። እንክብሎቹ እስኪሰነጣጠቁ ከደረቁ ዲኤንኤው በቀላሉ አይለቅም።