«አጀንዳውን ሠራተኛው ያውጣ» ሲባል የአወያዩ ሥራ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ በአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት የሰው ኃይል ክፍል ባለሙያ ነኝ። የዘንድሮውን ዓመታዊ ስብሰባ 80 ሠራተኞች ይካፈላሉ። ሥራ አስኪያጃችን አጀንዳው ከሠራተኛው እንዲወጣ ወስነው እኔን አወያይ አድርገውኛል። ከየት ልጀምር? ወደፊትስ በዚህ ሙያ መተዳደር እችላለሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ ለዚህ ሥራ የሚሆንሽ ኦፕን ስፔስ የሚባለው ዘዴ ነው፤ ተሳታፊዎቹ ራሳቸው የመወያያ ርዕስ አውጥተው ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፣ ከዚያ በየቡድኑ ይወያዩበታል። አሜሪካዊው ሃሪሰን ኦወን እ.ኤ.አ. በ1985 ሞንቴሬይ፣ ካሊፎርኒያ ላይ ጀመረው። ከዚያ በፊት ብዙ ደክሞ ያዘጋጀው ጉባኤ ሲያልቅ፣ ሰው ሁሉ ያመሰገነው የሻይ ዕረፍቱን ሆኖ አገኘው፤ ስለዚህ ስብሰባውን ራሱን እንደ ሻይ ዕረፍት ነፃ ለማድረግ አሰበ። ዘዴውን የግል ንብረቱ አላደረገውም፤ ማንም ያለ ፈቃድ ይሠራበታል።

ከባዱ ሥራ ያለው ከስብሰባው በፊት፣ ከሥራ አስኪያጁ ጋር በምታደርጊው ንግግር ላይ ነው። ሦስት ነገር በግልጽ ጠይቂያቸው፦ ሠራተኛው የሚወስነው ምኑን ነው? የማይነካውስ ምንድን ነው? ለሚወጣው ሐሳብ የተያዘ በጀትና ጊዜ አለ? ደመወዝ የእሳቸው ሥልጣን ካልሆነ በመክፈቻው ላይ ራሳቸው ይናገሩት፤ አለዚያ ግድግዳው ላይ መጀመሪያ የሚለጠፈው እሱ ይሆናል፣ ቀኑም በእሱ ያልቃል። ውሳኔው አስቀድሞ ካለቀ ግን ይህን ዘዴ ተዪው። ተራ የገለጻ ስብሰባ ይሻላል፤ ሠራተኛ ለይስሙላ መጠየቁን ካወቀ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም።

ከዚያ የስብሰባውን ጥያቄ አጥብቢ። «የድርጅታችን የወደፊት አቅጣጫ» ከተባለ ሁሉም ያወራል፣ ማንም አይሠራም። «የመስክ ሪፖርት የሚወስድብንን ጊዜ እንዴት እናሳጥር?» ዓይነት ጥያቄ ግን ሰው ይዞ የሚመጣው ነገር እንዲኖረው ያደርጋል።

አዳራሹ ውስጥ የክብር ጠረጴዛ አይኑር። ለ80 ሰው ወንበሩን በሁለት ዙር ክብ ደርድሪ፤ መተላለፊያ ተዪ። መሐሉ ላይ ወረቀትና ማርከር አስቀምጪ። ባዶው ግድግዳ ላይ የሰዓትና የቦታ ሰንጠረዥ ለጥፊ፦ 8 የመወያያ ቦታ በ3 ዙር 24 ክፍት ሣጥን ይሰጥሻል፤ ሁሉም ቦታ ቢያዝ በአማካይ አንድ ቡድን 10 ሰው ይደርሰዋል። ጠዋት 2:30 ጀምረሽ እስከ 3:45 አጀንዳው ይውጣ። አንደኛው ዙር ከ4:00 እስከ 5:15፣ ሁለተኛው ከ5:15 እስከ 6:30፤ ከምሳ በኋላ ሦስተኛው ከ7:30 እስከ 8:45፤ መዝጊያው ከ9:00 እስከ 10:00። ሻይ ቡናው ቀኑን ሙሉ ይኑር።

ርዕስ ያለው ሰው ተነሥቶ ርዕሱንና ስሙን ይጽፋል፣ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ባዶ ሣጥን መርጦ ይለጥፋል፤ ውይይቱንም የሚጀምረው እሱ ነው። «መድረኩ ክፍት ነው» ካልሽ በኋላ ጸጥታ ይወርዳል። ሁለት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል፤ በምክርም በቀልድም አትሙዪው። ሥራ አስኪያጁም ቀድመው እንዳይነሡ አደራ በያቸው፤ እሳቸው ርዕስ ከለጠፉ ቀሪው ሠራተኛ የእሳቸውን ሐሳብ ማስፋፋት ይጀምራል። የሚመሳሰሉ ርዕሶችን አዋህደሽ አታስተካክዪ፤ ካስፈለገ ባለቤቶቹ ይስማሙበት።

የዘዴው ዋና ሕግ፣ የማይማርበት ወይም የማይጠቅምበት ቡድን ውስጥ የተቀመጠ ሰው በእግሩ ወደ ሌላ ይሂድ ይላል። እኛ ዘንድ የሚከብደው ይህ ነው፤ ታላቅ ወይም አለቃ እየተናገረ ተነሥቶ መውጣት ነውር ነውና። ሕጉን ማስረዳት ብቻ አይበቃም። ሥራ አስኪያጁ በመጀመሪያው ዙር ራሳቸው አንዱን ቡድን አመስግነው ወደ ሌላው ቢሻገሩ ሌላውም ይደፍራል። እግረ መንገዱንም አንድ ቡድን ውስጥ ቁጭ ብለው ወሬውን እንዳያደርቁት ያግዛል።

ውይይቱ ሲጀመር አንቺ ከቡድን ቡድን እየዞርሽ አትምሪ። ቡድኖቹ አጠገባቸው አወያይ ሲያዩ ዓይናቸውን ወደ አንቺ ያዞራሉ። ሰዓት ጠብቂ፣ ማርከር አቀብዪ፣ ባዶ ስኒ አንሺ። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ገጽ ቅጽ ይሙላ፦ ርዕስ፣ የተገኙት ስም፣ ዋና ነጥቦች፣ ቀጣዩ ሥራ፣ የሚሠራው ሰው፣ ቀኑ። ብዙ ጊዜ ባዶ የሚቀሩት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ሳይሞሉ አትቀበዪ።

ስለ መተዳደሪያሽ፦ በማወያየት ብቻ መኖር ከባድ ነው። ከሥልጠና ወይም ከተቋም ልማት ሥራ ጋር አያይዢው። ዓለም አቀፉ የአወያዮች ማኅበር የብቃት ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ለጊዜው ግን አያስቸኩልሽ። ከዓመታዊው ስብሰባ በፊት 15 ወይም 20 ሰው ይዘሽ ግማሽ ቀን ተለማመጂ። የሥራ ማመልከቻሽ ላይ «ስብሰባ መርቻለሁ» የሚለው ቃል ክብደት የለውም፤ ስንት ርዕስ እንደተነሣና ከሦስት ወር በኋላ ስንቱ እንደተፈጸመ ጻፊ። ለዚህም ቅጾቹን አስቀምጪ፣ በሦስተኛው ወር ደግሞ ኃላፊነት የወሰዱትን እየደወልሽ ጠይቂ። በግልሽ ውል ስትይዢ ዋጋሽን በስብሰባው ቀን ብቻ አትቁጠሪ። ለአንድ ቀን ስብሰባ ቢያንስ ሁለት የዝግጅትና አንድ የሪፖርት ቀን ጨምሪ፤ ከኃላፊው ጋር የሚደረገውንም ንግግር ውሉ ውስጥ አስገቢ። ያንን የሚከለክል ደንበኛ ካጋጠመሽ ሥራውን አትቀበዪ።