የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዘጠኝ የክር ተጫዋቾችና አንድ ፍሉት

«ለገጣፎ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን እንጫወታለን። አምስት ቫዮሊን፣ ሁለት ቪዮላ፣ አንድ ቼሎና አንድ ኮንትራባስ አለን፤ ፍሉቱ የኔ ነው። ቪቫልዲን ደጋግመን ጨረስን። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፉት የብሪታንያ ኮንሰርቶዎች የቱን ትመክሩናላችሁ?» — አንባቢ፣ ለገጣፎ

የማልኮም አርኖልድን አንደኛ የፍሉት ኮንሰርቶ (አንድ ተጫዋች ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ)፣ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 45። በ1954 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተጻፈው ለፍሉትና ለክር መሣሪያዎች ብቻ ስለሆነ የጎደለ ሰው ፍለጋ አያስወጣችሁም። ሦስት ክፍል አለው፤ ሁሉም ተደምሮ ወደ 13 ደቂቃ ነው። ሁለተኛው ኮንሰርቶው (1972) ከክር ሌላ የትንፋሽ መሣሪያም ስለሚጠይቅ ለእናንተ አይሆንም። የዊልያም አልዊን (1980) ደግሞ ጭራሽ ክር የሌለበት፣ ፍሉቱ ከስምንት የትንፋሽ መሣሪያዎች ጋር የሚጫወተው ነው። የሆልስት «ፉጋል ኮንሰርቶ» (1923) ከፍሉቱ ጎን ኦቦ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ ይፈልጋል፤ የኦቦውን መስመር አንድ ቫዮሊን ቢይዘው ግን ያስኬዳል፤ አጭርም ስለሆነ ለመለማመጃ ጥሩ ነው። የጎርደን ጃኮብም (1951) ለክር የተጻፈ ነው፤ አርኖልድን ከጨረሳችሁ በኋላ ተመለሱበት።

አርኖልድ ራሱ በለንደን ፊልሃርሞኒክ መለከት ተጫዋች ነበር፤ ኮንሰርቶውን የጻፈለት ሪቻርድ አዴኒም እዚያው ኦርኬስትራ ውስጥ ፍሉት ይጫወት ነበር። ይሁንና የፍሉት ዝቅተኛ ድምፅ በማንም ብዕር አይጎላም። ቫዮሊኖቹን ሦስትና ሁለት አድርጋችሁ ክፈሉ። ፍሉቱ ወደ ታችኛው ኦክታቭ በወረደበት ቦታ ሁሉ በየመስመሩ አንድ ሰው ብቻ ይቅር፤ ኖታው ላይ በእርሳስ «ብቻውን» እና «ሁሉም» ብላችሁ ጻፉ። «ቀስ በሉ» ማለት አይበቃም፤ ሦስት ቫዮሊን ቀስ ሲል ድምፁ ይሻክራል እንጂ አይቀንስም። ፍሉቱ ጆሮዎ ሥር ስለሆነ እርስዎ ሁልጊዜ የጎሉ ይመስልዎታል። ስልክዎን አምስት ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጠው ይቅዱና የሚሰማውን በዚያ ይፍረዱ።

የመጨረሻው ክፍል የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በፍሉቱ አይደለም። ባለፍሉቱ ቤቱ በተለማመደበት ፍጥነት ይጀምርና ሁለተኛ ቫዮሊንና ቪዮላ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ፍጥነቱን ቪዮላዎቹ ይወስኑ፦ ሦስት ጊዜ ያለ ስህተት ከተጫወቱበት የሜትሮኖም (የምት መቁጠሪያ) ቁጥር ጀምራችሁ በየሳምንቱ በ4 ከፍ አድርጉ። የእርስዎ ሥራ ምላስ ላይ ነው። ፈጣኖቹን ኖታዎች በምላስዎ «ቱ-ኩ» እያሉ ሲነፉ «ኩ»ዋ ከዘገየች ሩጫው አንካሳ ይሆናል፤ በቀን አምስት ደቂቃ «ኩ-ኩ-ኩ» ብቻ እያሉ ስኬል (ድምፆቹን በተራ ወደ ላይና ወደ ታች) ይጫወቱ። ጎረቤት ይታገሥ።

«አዳማ ስንጫወት የተስተካከለው ፍሉቴ ሱሉልታ አዳራሽ ስገባ ዝቅ ይላል። ከፍታው ነው ይሉኛል። እውነት ነው?» — አንባቢ፣ ሱሉልታ

ከፍታው ሳይሆን ብርዱ ነው። የፍሉት ቅኝት የሚወሰነው በቱቦው ውስጥ ድምፅ በሚጓዝበት ፍጥነት ነው፤ ይህን ደግሞ የሚቀይረው ሙቀት እንጂ የአየሩ መሳሳት አይደለም። በውስጡ ያለው አየር በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ድምፁ ወደ 3 ሴንት ይወርዳል፤ ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ናት። ስድስት ዲግሪ ከቀዘቀዘ 18 ሴንት ነው፤ ይሄ ጆሮ ያለው ሁሉ የሚሰማው ነው።

ስህተቱ ገና እንደገቡ፣ ፍሉቱ እንደቀዘቀዘ መቃኘት ነው። የፍሉቱን ራስ (የአፍ ቀዳዳው ያለበትን ክፍል) እስከ መጨረሻ ገፍተው ያስተካክሉታል፤ ከአስር ደቂቃ በኋላ በትንፋሽዎ ሞቆ ከፍ ይላል። ክሮቹ በተቃራኒው አዳራሹ ሲሞቅ ስለሚላሉ ይወርዳሉ፤ እናም ትለያያላችሁ። ቁልፎቹን ሁሉ ዘግተው፣ የአፍ ቀዳዳውን በከንፈርዎ ሸፍነው፣ ድምፅ ሳያወጡ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ለግማሽ ደቂቃ ያስገቡ። ከዚያ ዝቅተኛ ድምፆችን አስር ደቂቃ ይጫወቱ፤ ክሮቹ ያኔ በእርስዎ ይቃኙ። በየመሃሉ ፍሉቱን ካፖርትዎ ውስጥ ያቆዩት።

ይህን ሁሉ አድርገው የታችኛው፣ የመካከለኛውና የላይኛው «ሬ» እርስ በርስ ካልገጠሙ በፍሉቱ ራስ ውስጥ ያለውን ቡሽ ይመልከቱ። የማጽጃው ዘንግ ላይ ያለው ጭረት በአፍ ቀዳዳው መሃል መታየት አለበት፤ ከቡሹ ሳህን እስከዚያ 17 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙ ሰው ጫፉ ላይ ያለውን ክዳን እያጠበቀ ቅኝት የሚያስተካክል ይመስለዋል፤ የሚያደርገው ግን ቡሹን ከቦታው መሳብ ነው።

ከፍታው ጨርሶ አይነካዎትም ማለት አይደለም። እዚያ አየሩ ከባሕር ጠለል ከሩብ በላይ የሳሳ ስለሆነ በዚያው ግፊት ሲነፉ ብዙ አየር ይወጣና ትንፋሽዎ ቶሎ ያልቃል። የከንፈርዎን ክፍተት ያጥብቡ፤ በዝግተኛው ክፍል የመተንፈሻ ቦታዎን አስቀድመው ምልክት ያድርጉበት።

«የፑላንክ የፍሉት ኮንሰርቶ የሚባለው ሥራ የእንግሊዛዊ ነው ወይስ የፈረንሳዊ?» — አንባቢ፣ ሰበታ

ዜማው የፈረንሳዊው ነው፤ በ1957 ለፍሉትና ለፒያኖ የተጻፈ ሶናታ ነበር። ለኦርኬስትራ ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ሌኖክስ በርክሌይ ነው፣ በ1976፣ ለፍሉት ተጫዋቹ ለጄምስ ጎልዌይ። በርክሌይ የራሱ የፍሉት ኮንሰርቶም አለው (1952)፤ ከዚህኛው ጋር አያምታቱት።

«የኦርኬስትራውን ኖታ ፎቶ ኮፒ ብናደርግ ምን ችግር አለው?» — አንባቢ፣ ቃሊቲ

ሆልስት በ1934 ስለሞተ የብሪታንያ ሕግ ከሞት በኋላ የሚሰጠው 70 ዓመት አልፎበታል። አርኖልድ ግን የሞተው በ2006 ነው፤ ገና የተጠበቀ ነው። እንዲህ ባለው ሥራ በተለምዶ የሚሸጠው የፍሉትና የፒያኖው ኖታ ነው፤ የኦርኬስትራው አብዛኛውን ጊዜ ከአሳታሚው በኪራይ ይመጣል። ኪራዩን ስትጠይቁ የልምምዱን ሳምንታትም ጨምራችሁ ንገሯቸው፤ የዘገየ ኖታ ተጨማሪ ያስከፍላል። ቢክ እስክሪብቶ አታስጠጉበት፤ ስትመልሱ «ብቻውን» እና «ሁሉም» ያላችሁትን ሁሉ በላጲስ አጥፍታችሁ ነው።