የጀልባዬ ሆድ አረንጓዴ ለበሰ

ጥያቄ፦ የፋይበርግላስ ጀልባ አለኝ። ውሃ ውስጥ የሚውለው ክፍል አልጌ ወሮታል። ውሃው በሚነካው መስመር ላይ ደግሞ ቡናማ እድፍ አለ። በረኪና ሞከርኩ፤ ቡናማው ንቅንቅ አላለም። በሽቦ ብሩሽ ልፈግፍገው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ሽቦ ላዩን ያለውን አንጸባራቂ ሽፋን፣ ጄልኮቱን፣ ይቧጭረዋል። ጭረቱ ውስጥ ደግሞ ቆሻሻው ይበልጥ ይጣበቃል።

አልጌውን ጀልባው ከውሃ እንደወጣ፣ ሳይደርቅ ይጠቡት። እርጥብ እያለ በለስላሳ ብሩሽ ይለቃል። ከደረቀ ግን ጉድ ነው፤ ሙጭጭ ይላል።

ቡናማው ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ከበሰበሰ ቅጠልና ውሃው ውስጥ ካለ ብረት የሚመጣ ቀለም ነው። ኦክሳሊክ አሲድ ያለበት ማጽጃ ይቀቡት፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው በብዙ ውሃ ያለቅልቁት። አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈገፈግ ይለቃል፤ ይህን ማየት ሁሌም ደስ ይለኛል። ጓንትና መነጽር ግን የግድ ነው።

አደራ፣ በረኪናው ሙልጭ ብሎ ሳይታጠብ አሲዱን እንዳያስነኩት! ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ሆዱ ጸረ-አልጌ ቀለም የተቀባ ከሆነም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉት። አቧራው መርዝ ነው።